በወንፊት ላይ ወንፊት

ከሽታዬ በር ፊት ለፊት ሁለት ቦታ ላይ ቄጤማው አልነበረም። ያየሁት ሙሽሮቹ ወደ ዳንግላ ከሄዱ፣ የፈረሰኞቹም ሆታ በከተማው መውጫ በኩል ከራቀ በኋላ ነው። ጠዋት ከደጁ እስከ አስፋልቱ የጎዘጎዝኩት እኔው ነበርኩ፤ እርጥቡን ከነውኃው፣ ከአበባ ቅጠል ጋር ቀላቅዬ፣ መሬቱ እስኪጠፋ ድረስ። አሁን ቀይዋ መኪና አፍንጫዋን ደቅና በቆመችበት ቦታ፣ በግራና በቀኝ፣ ሰው በእጁ የጠረገው የሚመስል ሁለት ባዶ ክብ ይታያል። ዶሮ የጫረው መስሎኝ ላልፍ ነበር። ክቦቹ ከመኪናዋ የትኛው አካል ትይዩ እንደነበሩ ሲገባኝ ግን የያዝኩት ትሪ ከእጄ ወደቀ።

መኪናዋ የጎረቤቴ የሽታዬ ወንድም የገሠሠ ናት። ገሠሠ ባሕር ዳር ነጋዴ ነው፤ ለእህቱ ልጅ ለሜላት ሠርግ ብሎ ነው ወደ እንጅባራ ያመጣት። የስፖርት መኪና ናት፤ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። ከፊት ሁለት ወንበር፣ ከኋላ ለልጅ እንኳን የምትጠብ ቦታ አላት፤ ሙሽራው እዚያ ውስጥ እንደ ጃንጥላ ታጥፎ ሲገባ ሠርገኛው በሳቅ ሞተ። ሞተሯ ከኋላ ነው። የሞተሩን ውኃ የሚያበርዱት ራዲያተሮች ግን ሁለት ሆነው ከፊት፣ ከባምፐሩ ሥር በግራና በቀኝ ከተከፈቱት ሁለት ሰፋፊ አፎች ጀርባ ተቀምጠዋል። መንገድ ላይ ያለ ጠጠር ሁሉ የሚገባው እዚያ ነው። ባለፈው ከባሕር ዳር ሲመጣ ከፊቱ ያለ የጭነት መኪና ያስፈነጠረው ድንጋይ ግራውን ራዲያተር በሳበትና ዕቃው እስኪመጣለት ስንት ጊዜ አቆማት። ስለዚህ ልጄን ይሄይስን ጠርቶ «ፊቷን የሚከልል ነገር ሥራላት፤ ከዚያ ለሠርጉ አንተው ንዳት፤ ሌላ ሰው እንዳይነካት፣ አደራ» አለው።

ይሄይስ መካኒክ ነው። አባቱ ከሞተ በኋላ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።

ግቢያችን ሰፊ ስለሆነ መኪናዋ እኛ ጋ ሰነበተች። ይሄይስ ሰፊ ቀዳዳ ያለው የሽቦ ወንፊት ቆርጦ፣ በአፎቹ ልክ አጥፎ፣ ከራዲያተሮቹ ፊት አሰረው። እኔ ቁጢጥ ብዬ ጣቴን ሰደድኩበት። አለፈ።

«ይሄይስ፣ ጣቴ እኮ ገባ።»

«ይግባ። እንቁላል የሚያህለውን ከመለሰልኝ ይበቃኛል። አየር ማለፍ አለበት እማ፤ መተንፈሻዋ ነው።»

«ምስር የምታህል ጠጠር በዚያ ፍጥነት ስትመጣ ጥይት ናት።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ጤፍ ላስነፋት?»

ሳቀብኝ። እኔ ግን አልተውኩትም። ቁርስ ሲበላ ተናገርኩ፣ እጁን ሲታጠብ ተናገርኩ። ድንጋይ ራዲያተሩን በስቶ፣ ውኃው ፈሶ፣ ልጄ ከዳንግላ ወዲህ መንገድ ላይ ሲቀር ነበር የሚታየኝ። ዘንድሮ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ መንገዱ ዝግ ነው። መንገድ ላይ ያመሸን ሰው ማን እንዳገኘው፣ ምን ብሎ እንደጠየቀው፣ ወዴት እንደወሰደው የሚናገር የለም። በመጨረሻ ይሄይስ ተነሣና ከመስኮት ሥራ የተረፈውን፣ ዝንብ የማያሳልፈውን ደቃቅ ወንፊት አምጥቶ ከመጀመሪያው ላይ ደርቦ በሽቦ ጠፈረው።

«ይኸው። አሁን እንቅልፍ ይወስድሽ ይሆን? ስመለስ አነሣዋለሁ።»

እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።

ሁለታችንም ያላሰብነው ምርቃቱን ነው። ሽማግሌዎቹ ሙሽሮቹን መኪና ውስጥ አስቀምጠው፣ ከፊት ለፊት ቆመው መረቁ። አንዱ ሲጨርስ አንዱ እየተካ፣ የአባት ወገን፣ የእናት ወገን፣ ከዚያ የክርስትና አባት። ሜላት ሞቀኝ አለችና ለማቀዝቀዣው ሲባል ሞተሩ አልጠፋም፤ ዘፈኑም ከመኪናዋ ነበር የሚወጣው። ከየራዲያተሩ ጀርባ ማራገቢያ አለ፤ መኪናዋ ቆማ ስትሞቅ አየር ከፊት ወደ ውስጥ ይስባል። ጥርሱን ነክሶ ሲጮህ እኔም ሰምቻለሁ። ለካ አየር ብቻ አልነበረም የሚስበው። ቄጤማውንም አበባውንም ከመሬት እየለቀመ ከደቃቁ ወንፊት ላይ ለጥፎታል። ሰፊው ብቻ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ይወድቅ ነበር። ከዚያ ደግሞ ፈረሰኞቹ እስከ ከተማው ዳር ድረስ ከፊቷ እየጨፈሩ በእርምጃ ነው የመሯት። ታፍና፣ በፀሐይ፣ በእርምጃ።

ስልኬን አውጥቼ ለይሄይስ ደወልኩ። ጥሪ አይቀበልም። ደገምኩ። አሁንም አይቀበልም።

ሽታዬ ከዳሱ ወጥታ ትሪውን ከመሬት አነሣች። ፊቷ በእንባና በደስታ አብጧል።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የቆምሽው? አስከሬን ያየሽ ትመስያለሽ።»

«ሽታዬ፣ መኪናዋ... ቄጤማው ገብቶባታል። ትሞቃለች። መቆሟ ነው።»

«በስመ አብ! ልጄን ድሬ ገና መሄዷ ነው፣ አንቺ መንገድ ላይ አቆምሻት?»

«አያድርገው ነው የምልሽ።»

«አያድርገው ያለ ሰው አፉን ይዘጋል! ዝናብ ጥሎ ዳሱን ያፈርሰዋል አልሽ፣ ጠላው ይጎመዝዛል አልሽ፣ ሙሽራው ይቀራል አልሽ። አንዱም አልሆነ። ነይ ይልቅ ድስቱን አንሺልኝ።»

እውነቷን ነው። ብዬ ነበር። ድስቱን ግን አላነሣሁም። ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ።

ገበየሁ ባጃጁ ውስጥ እግሩን ሰቅሎ ጫት የመሰለ ነገር ያኝካል፤ ቀርቤ ሳየው የሸንኮራ ልጣጭ ነው። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ከይሄይስ ጋር አንድ ክፍል ተምረዋል።

«ወደ ዳንግላ መንገድ ውሰደኝ።»

«እትዬ ማናለብሽ፣ ከሠርገኛው ተቆርጠው ቀሩ እንዴ?»

«ቀይዋን መኪና ልንደርስባት ነው።»

አየኝ። ባጃጁን አየ። «በዚች? እትዬ፣ ያቺ እኮ ካስነጠሰች አዲስ ቅዳም ናት።»

«ታምማለች ገበየሁ። ይሄይስ አላወቀም።»

ይህን ስል ቀልዱን ተወ። ከቤቱ ደጅ ሁለት ጀሪካን ውኃ ጭኖ ተነሣን። እኔ ያላሰብኩትን ውኃ እሱ አሰበ፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

መንገዱን ሙሉ አስፋልቱን ነበር የማየው። እርጥብ ነገር ባየሁ ቁጥር «ይኸው ውኃዋ ፈሷል» እላለሁ፤ ገበየሁ «የበግ ሽንት ነው እትዬ» ይለኛል። ጥቁር ነገር ባየሁ ቁጥር «ይኸው ተቃጥላለች» እላለሁ፤ «ከሰል ነው፣ ከመኪና የረገፈ» ይለኛል። በግራ በቀኝ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ተደርድሯል፤ ከውስጡ የከሰል ጭስ በየቦታው ይነሣል። ጭስ ባየሁ ቁጥር የገበየሁን ትከሻ እይዛለሁ። ያን ጊዜ ገበየሁም አንገቱን አስግጎ ጭሱን ያያል።

አዲስ ቅዳምን አልፈን ጥቂት እንደሄድን፣ ዳገቱ ላይ፣ ቀይዋ መኪና ከመንገዱ ዳር ቆማለች። ሪባኗ እንዳለ ነው። አጠገቧ ሰው የለም። ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም። ከዚያ ሁለት እግር ከባምፐሩ ሥር አየሁ፤ ለሠርጉ የገዛሁለት ጫማ።

«ይሄይስ!»

እግሮቹ ተንቀሳቀሱ። ወጣ። ሱፉ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ ክንዱ ላይ ትኩስ ውኃ አቃጥሎት ቀልቷል። በእጁ እንደ ምንጣፍ የተሸመነ እርጥብ ቄጤማ ይዟል፤ የአበባው ቅጠል በመካከሉ ተለጥፎ፣ የወንፊቱ ማዕዘን ታትሞበት።

«እማ፣ አንቺ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያስጨመርኩህ...»

«ያሰርኩት እኔ ነኝ። ተይው አሁን።» ቄጤማውን ወደ ቦዩ ወረወረው። «የሙቀት ምልክቱ ሲበራ ዳገቱን ልጨርስ አልኩ። ሠርገኛ ከኋላዬ ጥሩንባ ይነፋል፣ ሜላት ትዘፍናለች፤ እንዴት ልቁም? እዚህ ስደርስ በራሷ ቆመች።»

ሙሽሮቹን ሚዜዎቹ በሚኒባስ ወስደዋቸዋል። ይሄይስ ራሱ ነው ሂዱ ያላቸው። ከዚያ የሚያልፈው ሁሉ አለፈው።

ውኃው እስኪበርድ ጠበቅን። ሁለቱን ጀሪካን ሞላባት። አስነሣት፤ ተነሣች። እልል ልል አፌን ስከፍት ከኋላዋ ነጭ ጭስ እንደ ጉም ወጣ፤ ጥቂት ተንፏቃ እንደገና ፈላች። ገበየሁ ከወንዝ ሌላ ውኃ አመጣ። እንደገና። ጭሱ ባሰበት። ይሄይስ ሞተሩን አጥፍቶ ግንባሩን መሪው ላይ አሳረፈ።

«ሞታለች። ከሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ ተቃጥሏል። ውኃው ወደ ውስጥ ነው የሚገባው። ዛሬ የምትሠራበት መንገድ የለም።»

ጀንበሯ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች። መንገዱ እየሳሳ ነው። ከዳንግላ የሚመጡት መኪኖች መብራታቸውን አብርተው ሳይቆሙ ይበራሉ። አንድ የጭነት ሾፌር ብቻ ቆመና «በገመድ ልጎትታችሁ» አለ። ይሄይስ ለገሠሠ ደወለ፤ አዲስ ቅዳም ቅርብ ስለሆነ ኔትወርኩ ሠራ። ስልኩ ጮክ ብሎ ስለነበር እኔም ሰማሁ።

«በገመድ? በገመድ የሚጎተት አህያ ነው! ፊቷን ነቅሎ ሊጥለው? ነገ ጠዋት የሚጭናት መኪና እልካለሁ። እስከዚያ ካጠገቧ ንቅንቅ እንዳትል። ይሄይስ፣ ሰማህ? አንድ ዕቃ ቢጎድል ባንተ ነው።»

«እሺ ጋሼ።»

ስልኩን ከእጁ ቀማሁት። «ገሠሠ፣ ማናለብሽ ነኝ። ይመሻል እኮ። መንገድ ላይ ነው ያለው።»

«እህቴ፣ ወንድ ልጅ ነው፤ መኪናው ውስጥ ይተኛ።»

ዘጋው። ወይም ተቋረጠ። የጭነት መኪናውም ሄደ።

ገበየሁ ሰማዩን አየ። «እትዬ፣ እኔ አሁን ካልተነሣሁ ኬላው ላይ ይዘጉብኛል። ኑ፣ ሁለታችሁም ግቡ። መኪና ነው፣ ሰው አይደለም።»

«ይሄይስ፣ ግባ» አልኩ።

«አልገባም።»

«ግባ አልኩህ!»

«እማ፣ አደራ ተቀብያለሁ። ተሰባብራ ብትገኝ ነገ በየት በኩል ነው እንጅባራ የምገባው? ማን ነው ዳግመኛ መኪና የሚሰጠኝ? አንቺ ሂጂ።»

ክንዱን ይዤ ጎተትኩት፤ የተቃጠለውን መሆኑ ትዝ ያለኝ ሲያቃስት ነው። ያን ጊዜ ለቀቅሁት። ለገበየሁ «ሂድ ልጄ፣ እናትህ ትጠብቅሃለች» አልኩት። ብዙ ተከራከረ። በመጨረሻ ጀሪካኑን ትቶልን ሄደ። የባጃጁ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ሰማሁት፤ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም።

ልጄ መኪናዋን አይተውም። እኔ ልጄን አልተውም። ስለዚህ ሦስታችንን የሚከተን ነገር መፈለግ ነበረብኝ። ቁልቁል ስመለከት፣ ዳገቱ ሥር የቆርቆሮ መጋዘን አየሁ። ከደጁ የከሰል ጆንያ ተደርድሯል፤ አንዲት ሴት ጆንያዎቹን ወደ ውስጥ ታስገባለች። ሮጥኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ የሮጥኩ አይመስለኝም።

ሴትዮዋ እኔን የምታህል ናት፤ እስከ ክርኗ ጠቁራለች። መጀመሪያ ያየችው እኔን ሳይሆን ከበላዬ ያለችውን ቀይ መኪና ነው።

«አይሆንም» አለችኝ፣ ገና አፌን ሳልከፍት።

«እህቴ፣ ስምሽን ንገሪኝ።»

«ወርቅአየሁ። ስሜን ብታውቂም አይሆንም። ከቀን ጀምሮ እያየኋት ነው። ያቺን መኪና መንገደኛው ሁሉ አይቷታል። ሌሊት የሚፈልጋት ቢመጣ የማንን ደጅ ነው የሚመታው? ጠዋትስ ዕቃዋ ቢጎድል ማንን ነው የሚጠይቁት?»

«የሚያድር ልጄ ነው። ያለኝ አንድ እሱ ነው።»

«እኔም ሁለት አሉኝ።»

ጉልበቷ ላይ ልወድቅ ስል ብብቴን ይዛ አነሣችኝ፤ እጇ ነጠላዬ ላይ ጥቁር አተመ። ከጀርባዋ የቆመ ዘበኛ በአዊኛ አንድ ነገር አላት። አዊኛ የምሰማው ለገበያ ያህል ነው፤ «ይመሻል» ማለቱን ግን ሰማሁ። እኔም ያን ጊዜ ያልኩትን ቀድሜ አላሰብኩበትም።

«ከሷ ጋር እኛንም ዝጊብን። ከውጭ ቆልፊው። ቁልፉን አንቺ ያዢው። ማንም ቢመጣ የከሰል መጋዘን ነው፣ እንደ ሌላው ቀን ተቆልፏል። ዕቃም ቢጎድል ውስጥ ያለነው እኛ ነን፤ አንቺን የሚጠይቅሽ የለም።»

ወርቅአየሁ ወደ ቆርቆሮው በር፣ ከዚያ ወደ እኔ አየች።

«ውስጥ እንድቆልፍብሽ?»

«አዎ።»

«አትፈሪም?»

«እፈራለሁ እንጂ። ውጭውን ግን የበለጠ እፈራለሁ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ የማለት ያህል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «እንዲህ ያለች ሴት ከየት መጣችብኝ» አለችና ወደ ዘበኛው ዞራ ጆንያዎቹን ወደ ጎን እንዲያነሣ አዘዘችው።

መኪናዋ ሞተር ባይኖራትም ቁልቁለት ነበራት። ይሄይስ መሪውን ይዞ፣ እኔና ዘበኛው ከፊቷ ገፍተን፣ ወደ ኋላ ቁልቁል ለቀቅናት። ከመጋዘኑ ደጅ ቦይ አለ። ሳንቃ ተነጠፈ፤ ሳንቃው ለአፍንጫዋ አልበቃም፤ ከሥሩ ጆንያ ጨመርንበት። ስትሻገር ባምፐሯ ጠርዙን ፋቀው፤ ድምፁ እስከ ጥርስ ይሰማል። ይሄይስ ዓይኑን ጨፈነ። ከሰፊው ወንፊት አንዱ ተነቅሎ ወደቀ። ዘበኛው ሊያነሣው ሲል «ተወው!» አልኩት፤ «ግፋ!»

ጀንበሯ ጠልቃለች። ከወዲያ ማዶ፣ ከአዲስ ቅዳም በኩል፣ የሆነ ነገር ሲፈነዳ ተሰማ፤ ይሄይስ የመኪና ጎማ ነው አለ። ዘበኛው ይበልጥ ገፋ።

ገባች። ከሰል ከግራ፣ ከሰል ከቀኝ፣ እስከ ጣራው ድረስ። ሪባኗ ጠቁሯል። ወርቅአየሁ አንድ ጆንያ አነጠፈችልን፤ ዳቦና አንድ ጣሳ ውኃ ሰጠችን። ለይሄይስ ክንድ የሚሆን ነገር እንደሌላት ነግራኝ ይቅርታ ጠየቀች።

«ከሰሉ በርዷል?» አልኳት። «አንድ ጆንያ እሳት ይዞ ቢሆንስ? በር ተዘግቶ...»

«ከበረደ ሳምንት አልፎታል።»

ቢሆንም እየዞርኩ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ በመዳፌ ነካሁ። ወርቅአየሁ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ አላጣደፈችኝም። ይሄይስ ከመኪናዋ ጎማ ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«እማ፣ በቃ። ቀዝቃዛ ነው።»

«ከላይ ያሉትን አልነካሁም።»

«እማ።»

ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የሱፉን እጅጌ ያዝኩ፤ የደህነኛውን ክንድ።

«ጎህ ሲቀድ እከፍታለሁ» አለች ወርቅአየሁ። «ቢያንኳኩም ዝም በሉ። ቢጣሩም ዝም በሉ። ድምፁ የእኔ ቢሆን እንኳን ካልከፈትኩ እኔ አይደለሁም።»

«እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

«ነገ ትይኛለሽ።»

ቆርቆሮው በር እየተጎተተ መጣ። የቀረው ብርሃን ከመኪናዋ ፊት ላይ፣ ከዚያ ከይሄይስ ጫማ ላይ፣ ከዚያ ከእጄ ላይ ተነሣ። ሰንሰለቱ በቀዳዳው ሲገባ ሰማሁ። ቁልፉ አንድ ጊዜ እምቢ አለ። ወርቅአየሁ በአዊኛ ረገመችውና እንደገና ሞከረች፤ ከውጭ ተቆለፈብን።